ከይሉኝታ የራቀ ዋንጫ፦ ጠላን በቤት ውስጥ ስለ መቅመስ ሳይንስ

አንድ እንግዳ የቀረበለትን ጠላ ጎንጨት ካለ በኋላ «ይህስ አልተሳካም» ብሎ የተናገረበት ቤት በአገራችን ብዙ አይገኝም። ዋንጫው ሲጎድል ይሞላል፤ ጠማቂዋ «ኧረ ዘንድሮስ እንደ ወትሮው አልሆነልኝም» ብላ ትሕትና ታሳያለች፤ እንግዳውም «ምን ሲባል! ማር ነው እንጂ» ሲል ይመልሳል። ይህ የመልካም ወግ አንዱ ገጽታ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ጉዳዩን በሳይንስ ዓይን ስንመለከተው፣ በዚህ ሁሉ ንግግር ውስጥ ስለ ጠላው የተላለፈው መረጃ ከዜሮ ብዙም አይበልጥም። የተሳካውም ያልተሳካውም ጠላ አንድ ዓይነት ምስጋና የሚያገኝ ከሆነ፣ ምስጋናው የሚለካው የእንግዳውን ጨዋነት እንጂ የመጠጡን ጥራት አይደለም።

ነገሩ ቀላል አይምሰል። ጠማቂ ከአንዱ ጥምቀት ወደ ሌላው ልትሻሻል የምትችለው፣ የለወጠችው ነገር በመጠጡ ላይ ምን እንዳስከተለ ስታውቅ ነው። ትልልቅ የቢራ ፋብሪካዎች ለዚህ ተግባር ቤተ ሙከራ፣ የመለኪያ መሣሪያና የሠለጠኑ ቀማሾች አሏቸው። በቤቷ የምትጠምቅ ሰው ግን ያላት ምላሷና አፍንጫዋ፣ ሲሳካም እንደ እርሷው የሚጠምቅ አንድ ወዳጅ ነው። ይህ ጥቂት መሣሪያ በአግባቡ ከተያዘ እስከ ምን ድረስ ሊያገለግል እንደሚችል፣ እኛና አንዲት ጠማቂ ወዳጃችን ባደረግነው ቅምሻ አማካይነት ለአንባብያን ለማሳየት እንሞክራለን።

የጢሱ ጥያቄ

ወዳጃችን የጠላ አጠማመቅን የተማረችው ከእናቷ ነው። እናቷ ጋን ሳይታጠን መጥመቅን እንደ ነውር ይቆጥሩ ነበር። ልጃቸው ዛሬ የምትኖረው በአንድ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ወይራ በሳሎን ውስጥ የሚጨስ ነገር አይደለም፤ በደረጃው ሥር ሲጨስ ደግሞ የጎረቤት መጋረጃና የታጠበ ልብስ ጢስ ጢስ ይሸታል፤ በዚሁ ምክንያት ከጎረቤቶቿ ጋር ቅያሜ ውስጥ ገብታለች። የእናቷ ሙት ዓመት ሲቃረብ ጥያቄው በረታባት። ማጠኑን ብትተወው በጠላው ላይ ልዩነቱ ይታወቅ ይሆን? ወይስ ጢሱ ከልማድ በቀር ለጣዕሙ የሚጨምረው ነገር የለም? ለመታሰቢያው የሚመጡት ሰዎች የእናቷን ጠላ የሚያውቁ ናቸውና በግምት ለመወሰን አልፈለገችም። የሰዎችን አስተያየት ልትጠይቅ እንደማትችልም ገብቷታል፤ «እንግዳ መቼ ይከፋል ብሎ ያውቃል?» አለችን።

አጠማመቁን በአጭሩ እናስታውስ። በመጀመሪያ የጌሾ ቅጠል ዱቄት ከብቅልና ከውኃ ጋር፣ በግራዋ ታጥቦ በወይራ በታጠነ ጋን ውስጥ ይጠነሰሳል። ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በኋላ የተቆራረሰ ቂጣና የጌሾ እንጨት ይገባበታል፤ ቀጥሎም ከተቆላ እህል የተፈጨ ደረቆት ወይም እንኩሮ ተጨምሮ ድፍድፉ ይዘጋጃል። ድፍድፉ ከሰነበተ በኋላ ውኃ ይሞላበትና የጋኑ አፍ ይመረጋል። ዝርዝሩ ከቤት ቤት፣ ከአካባቢ አካባቢ ይለያያል፤ በትግራይ ስዋ፣ በኦሮሚያ ፋርሶ የሚባሉትም የዚሁ መጠጥ የቅርብ ዘመዶች ናቸው።

በጋኑ ውስጥ የሚካሄደው ሥራ ከፋብሪካ ቢራ ይልቅ የተወሳሰበ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ገብስ ሲበቅል አሚሌዝ የተባሉ ኢንዛይሞች ይፈጠራሉ፤ እነዚህም በቂጣውና በእንኩሮው ውስጥ በእሳት የላላውን ስታርች ወደ ስኳር ይቆራርጡታል። ፋብሪካ ይህን ሥራ በተለየ ማሞቂያ፣ በ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈጽምና ከዚያ በኋላ የተመረጠ እርሾ ይጨምራል። በጠላ ጋን ውስጥ ግን ስኳሩ መሠራቱና በእርሾ መበላቱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ እርሾውም ከብቅሉ፣ ከጌሾውና ከጋኑ ግድግዳ የሚገኝ ነው። ሳካሮማይሲስ የተባለው የእርሾ ዝርያ ስኳሩን ወደ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲለውጥ፣ ላክቶባሲለስ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ደግሞ ላክቲክ አሲድ በማመንጨት ለጠላ ልዩ የሆነውን ቀላል ኮምጣጣነት ይሰጡታል። በተለምዶ የቤት ጠላ የአልኮል መጠን ከ2 እስከ 4 በመቶ ይገመታል፤ ፍልተር ጠላ የሚባለው ከዚህ ከፍ ይላል። የጌሾ ድርሻ፣ ሆፕስ የተባለው ተክል በአውሮፓ ቢራ ውስጥ ካለው ድርሻ ጋር የሚመሳሰል ነው፤ ጌሾይዲን በተባለ ውሕድ አማካይነት ምሬት ይሰጣል፣ የማይፈለጉ ባክቴሪያዎችንም ይገታል።

ጢሱስ? እንጨት ሲጨስ ሊግኒን የተባለው የእንጨት ማጠንከሪያ ንጥረ ነገር በሙቀት ይፈራርስና ጓያኮልን የመሳሰሉ የፌኖል ዝርያዎችን ያስገኛል። እነዚህ ውሕዶች ሁለት ጠባይ አሏቸው። አንደኛ፣ ጥቃቅን ተሕዋስያንን ያዳክማሉ፤ ስለዚህ ማጠን ጋኑን የማጽዳት ሥራ ይሠራል። ሁለተኛ፣ የሰው አፍንጫ እጅግ በአነስተኛ መጠን ይለያቸዋል፤ ጓያኮል በውኃ ውስጥ በቢሊዮን ጥቂት እጅ ብቻ ቢገኝ እንኳ ሊሸት ይችላል። ሸክላ ባለ ቀዳዳ በመሆኑ የገባበትን ጢስ በቀላሉ አይለቅም። ከዚህ ተነሥተን ጢሱ ጠላው ውስጥ «ሊታወቅ ይገባል» ልንል እንችላለን፤ ሆኖም የደረቆቱ ሽታ፣ የጌሾው ምሬትና ኮምጣጣነቱ ተደራርበው ቢሸፍኑትስ? ይህን በወረቀት ላይ መወሰን አይቻልም።

ምላስ የሚያውቀው፣ አፍንጫ የሚያውቀው፣ ዓይን የሚያሳስተው

በትምህርት ቤት የተማርን ብዙዎቻችን የምላስን ካርታ እናስታውሳለን፤ ጫፉ ጣፋጭ፣ ጎንና ጎኑ ጨውና ኮምጣጣ፣ ሥሩ መራራ ይቀምሳል የሚለውን ሥዕል ማለታችን ነው። ካርታው ስሕተት ነው። መነሻው ጀርመናዊው ዳቪድ ሄኒግ እ.ኤ.አ. በ1901 ያሳተመው ጥናት ሲሆን፣ እርሱ ያገኘው በምላስ ልዩ ልዩ ክፍሎች መካከል ያለን አነስተኛ የስሜት ልዩነት ነበር። አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ምሁር ኤድዊን ቦሪንግ በ1942 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ውጤት ልዩነቱ ተጋንኖ በሚታይበት ሥዕል አቀረበው፤ ሥዕሉም ከመማሪያ መጽሐፍ ወደ መማሪያ መጽሐፍ እየተገለበጠ ኖረ። በእርግጥ ግን አምስቱም መሠረታዊ ጣዕሞች፣ ማለትም ጣፋጭ፣ ጨው፣ ኮምጣጣ፣ መራራና ኡማሚ የተባለው እንደ ሥጋ መረቅ ያለ ጣዕም፣ የጣዕም ሕዋሳት ባሉበት የምላስ ክፍል ሁሉ ይታወቃሉ። ቀማሽ መጠጡ አፉን በሙሉ እንዲዳስስ ካደረገ ይበቃዋል።

ምሬት ግን ለብቻው ጥንቃቄ ይሻል። ዘግይቶ ይመጣል፣ ዘግይቶም ይሄዳል፤ የቀደመው ዋንጫ ምሬት የሚቀጥለውን ስለሚያበላሽ በመካከሉ ውኃና ጨው ያልበዛበት ዳቦ ያስፈልጋል። የሰው ልጅ 25 ያህል የምሬት ተቀባዮች ሲኖሩት፣ እነዚህን የሚሠሩት ጂኖች ከሰው ሰው ይለያያሉ። አርተር ፎክስ የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት በ1931 እንደገለጸው፣ ፒቲሲ የተባለው ውሕድ ብናኝ በቤተ ሙከራው ውስጥ ሲበተን ባልደረባው በምሬቱ ሲማረር ፎክስ ራሱ ምንም አልቀመሰም ነበር። ስለዚህ ሁለት ሰዎች በአንድ መራራ ነገር ላይ ሲከራከሩ ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል።

ከምላስ ይልቅ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው አፍንጫ ነው። አንባቢ በቀላሉ ሊሞክረው ይችላል፤ አፍንጫን በጣት ይዞ ጠላ መጎንጨት ነው። ኮምጣጣውና መራራው ይቀራሉ፤ ጠላን ጠላ የሚያሰኘው የተቆላ እህል መዓዛ ግን ይጠፋል። ጣት ሲለቀቅ ከአፍ በስተኋላ ወደ አፍንጫ የሚወጣው ሽታ ድንገት ይመለሳል። ወደ 400 የሚጠጉ የሽታ ተቀባዮች ያሉን ሲሆን፣ የሠለጠነ ቀማሽ ከሌላው የሚለየው በአፍንጫው ንቃት ብቻ ሳይሆን ለሚሸተው ነገር ስም በማዘጋጀቱ ጭምር ነው። የኮምጣጤ ሽታ አሴቲክ አሲድን፣ የቅቤ ሽታ ዳይአሴቲልን፣ የበሰለ ሙዝ ሽታ አይሶአሚል አሴቴትን ያመለክታል። የቅርንፉድ ሽታ ደግሞ ለጥያቄያችን ልዩ ትርጉም አለው። አንዳንድ የእርሾ ዝርያዎች በገብስ ገለባ ውስጥ የሚገኘውን ፌሩሊክ አሲድ 4-ቪናይል ጓያኮል ወደሚባል ውሕድ ይለውጡታል፤ ይህም ከጢሱ ጓያኮል ጋር የቅርብ ዝምድና ያለው ነው። እንግዲህ ያልታጠነ ጋን ጠላም ጢስ ቀመስ ሆኖ ሊሸት የሚችልበት መንገድ አለ ማለት ነው።

ዓይን የሚያደርሰውን ጥፋት ለማሳየት ከፈረንሳይ አገር አንድ ምሳሌ ይበቃል። በ2001 በታተመ ጥናት፣ በቦርዶ 54 የወይን ጠጅ ጥበብ ተማሪዎች ሽታ በሌለው ቀለም ቀይ እንዲመስል የተደረገ ነጭ ወይን ጠጅ ቀርቦላቸው፣ መዓዛውን በአብዛኛው በቀይ ወይን ጠጅ ቃላት ገልጸውታል። የጠላ መልክ ከጥቁር እስከ ወርቃማ ስለሚለያይ፣ ቀማሽ ዋንጫውን ገና ሲያይ ፍርዱን ሊጀምር እንደሚችል መገመት አያስቸግርም። የተጠመቀበትን ቤት ማወቅ ደግሞ ከመልኩም የከፋ ነው።

ሦስት ጣሳዎች

ቢራና ስታቲስቲክስ የቆየ ዝምድና አላቸው። በደብሊን በሚገኘው በጊነስ ቢራ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ዊልያም ጎሴት፣ ከጥቂት ናሙና ተነሥቶ እንዴት መደምደም እንደሚቻል የሚያሳየውን ዝነኛ ጽሑፉን «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም ያሳተመው በ1908 ነበር። ሮናልድ ፊሸርም በ1935 ባሳተመው ስለ ሙከራ አነዳደፍ በሚያትት መጽሐፉ፣ ወተቱ ቀድሞ የገባበትን ሻይ ኋላ ከገባበት እለያለሁ ስላለች ሴት ይተርካል፤ ከ8 ስኒዎች አራቱን በግምት ብቻ በትክክል ለይቶ ማውጣት ከ70 አንድ ዕድል እንዳለው በማስላት። በ1940ዎቹ ደግሞ በኮፐንሃገን የካርልስበርግ ፋብሪካ ባለሙያዎች ለቢራ ቅምሻ የሦስትዮሽ ፈተና የሚባለውን ዘዴ አበጁ። (የፒኤች መለኪያም በ1909 የወጣው ከዚሁ ፋብሪካ ቤተ ሙከራ መሆኑን በዚህ አጋጣሚ እናስታውሳለን።)

የሦስትዮሽ ፈተና አሠራሩ ቀላል ነው። ቀማሹ ሦስት ጣሳ ይቀርብለታል፤ በሁለቱ ውስጥ ያለው መጠጥ አንድ ሲሆን ሦስተኛው የተለየ ነው። ጥያቄውም አንድ ብቻ ነው፦ የተለየው የትኛው ነው? የትኛው ይሻላል አይባልም፤ ስለዚህ ይሉኝታ የሚገባበት ቀዳዳ የለም። ምንም ያልለየ ሰው እንኳ በግምት ከሦስት አንድ ጊዜ ይመልሳል፤ የሚለካውም ከዚህ በላይ መሄዱ ነው።

ወዳጃችንና እኛ እያንዳንዳቸው 10 ሊትር ያህል የሚይዙ አራት አዳዲስ እንስራዎች ከአንዲት ሸክላ ሠሪ በአንድ ቀን ገዛን። አዳዲስ መሆናቸው ግድ ነበር፤ ቀደም ሲል የታጠነ ሸክላ ያልታጠነ ሊሆን አይችልምና። ሁሉም በአንድ ዓይነት ተሟሽተው በግራዋ ከታጠቡ በኋላ፣ ሀና ለ ያልናቸው በግቢያችን በወይራ ታጠኑ፤ ሐና መ ሳይታጠኑ ቀሩ። ብቅሉ፣ ጌሾው፣ ቂጣውና ደረቆቱ በሚዛን ተመዝኖ ለአራቱም እኩል ተከፈለ፤ ጥንስሱም በአንድ ሰዓት ተጣለ። ሁለት ሁለት እንስራ ማዘጋጀታችን ያለ ምክንያት አልነበረም። አንድ የታጠነና አንድ ያልታጠነ ብቻ ቢኖሩን፣ የምናገኘው ልዩነት የጢሱ ይሁን የእንስራው መለየት አይቻልም ነበር፤ ጠላ በአንድ ቤት፣ በአንድ እጅ ተጠምቆም ከጋን ጋን እንደሚለያይ ጠማቂ ሁሉ ያውቃል።

በቅምሻው ዕለት የወዳጃችን የእኅት ልጅ በጓዳ ሆኖ ቀጅ ሆነ። ከሁለት መጠጦች ሦስት ጣሳ ለመደርደር በትክክል ስድስት ዓይነት ቅደም ተከተል ስላለ፣ የሉዶ መጫወቻ ዳይስ እየጣለ በወጣው ቁጥር መሠረት ይቀዳል፤ ጣሳዎቹን በር ላይ አስቀምጦም ይመለሳል። ፊቱን እንዳናይ ነው፤ የሚያውቅ ሰው ፊት ሳይናገር ይናገራል። ጠላው በአንድ ዓይነት ጨርቅ ተጠልሎ፣ በአንድ ሙቀት፣ መልኩ በማይታይበት ቆርቆሮ ጣሳ ቀረበ፤ መጠኑም በየጣሳው ሁለት የሾርባ ማንኪያ፣ ማለትም 30 ሚሊ ሊትር ያህል ነበር። እያንዳንዳችን ሦስት ሦስት ዙር፣ በድምሩ ስድስት ዙር ቀመስን፤ ግማሹ ሀን ከሐ፣ ግማሹ ለን ከመ ጋር የሚያነጻጽር ነበር። ሳንነጋገርም መልሳችንን በየወረቀታችን ጻፍን። የጋራ ቅምሻ ትልቁ ጠንቅ የመጀመሪያው ተናጋሪ ነው፤ አንዱ «ይህኛው ጢስ ጢስ ይላል» ካለ የሌላው አፍንጫ ጢስ መፈለግ ይጀምራል።

ስሌቱን ቀደም ብለን ሠርተን ነበር። በግምት ብቻ ከስድስት ዙር ቢያንስ አራቱን በትክክል የመመለስ ዕድል 73/729፣ ወይም 10 በመቶ ነው፤ ይህ እኛን የሚያሳምን አይደለም። ቢያንስ አምስቱን መመለስ ግን 13/729፣ ማለትም 1.8 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ ጢሱ ይታወቃል ለማለት አምስት ትክክለኛ መልስ እንደሚያስፈልግ፣ አንዲት ጣሳ ሳይቀዳ ተስማማን። ወሰኑን ውጤት ካዩ በኋላ ማስቀመጥ ዒላማውን ከተኮሱ በኋላ እንደ መሳል ነው።

ከስድስቱ አምስቱ ትክክል ሆኑ።

ወዳጃችን ተደሰተች ለማለት ያስቸግራል፤ መልሱ «ጢሱን ተዪው» ቢሆንላት ኖሮ ኑሮዋን ባቀለለላት ነበር። ከሰዓት በኋላ ሁለተኛውን ፈተና ቀጠልን። በዚህኛው የሚነጻጸሩት አንድ ዓይነት አያያዝ ያላቸው እንስራዎች ነበሩ፤ ሀ ከለ፣ ሐ ከመ። ከስድስት ዙር የተሳካልን ሁለቱ ነበሩ፤ ይህም በግምት ብቻ የሚጠበቀው አማካይ ቁጥር ነው። ስድስት ዙር አነስተኛ ልዩነትን ለመያዝ ስለማይበቃ እንስራዎቹ ፍጹም አንድ ናቸው ማለት አይደለም። ሁለቱን ውጤቶች ጎን ለጎን ስናያቸው ግን ጠዋት የለየነው የጢሱን ምልክት እንጂ የእንስራዎቹን ጠባይ እንዳልነበረ ያመለክታሉ። ውጤቱ የሚናገረው ስለ ሁለታችን አፍንጫ ብቻ መሆኑን ማከል ይገባል፤ ስለ ሌላ ሰው ለመናገር ሌላ ሰው መቅመስ አለበት።

መለየትና መውደድ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ምሽት ላይ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ አሁንም ሳይነገረን፣ ከታጠነውና ካልታጠነው የምንመርጠውን ሦስት ሦስት ጊዜ ጻፍን። ሦስት ጊዜ ለስታቲስቲክስ የሚበቃ ቁጥር አይደለም፤ ቢሆንም ወዳጃችን ሁለት ጊዜ የመረጠችው ያልታጠነውን ሆኖ ተገኘ። ወረቀቱን ደጋግማ አየችው። ቀጥላም ከታጠነው እንስራ የተቀዳውን አነሣችና ሳትቀምስ ለረጅም ጊዜ አሸተተችው። «የእናቴ ጓዳ ይሄ ነው» አለች። ከዚያም «የሚጠየቀው የእኔ ምላስ አይደለም፤ የእርሷ ዕድምተኞች ናቸው» ስትል ጉዳዩን ዘጋችው። ሽታ ከሌሎች ስሜቶች በተለየ በቀጥታ ወደ ስሜትና ወደ ትዝታ የአንጎል ክፍሎች የሚደርስበት የነርቭ መንገድ እንዳለው የዘርፉ ጥናቶች ያስረዳሉ። ለዚህ ፍርድ የሚሆን የሦስትዮሽ ፈተና ግን አልነበረንም።

የተረፈውን ጠላ አፉን ሳንመርግ አሳድረነው በሦስተኛው ቀን አራቱም እንስራ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ማለት ጀመሩ። አየር ሲያገኝ አሴቶባክተር የተባለው ባክቴሪያ አልኮሉን ወደ አሴቲክ አሲድ ይለውጠዋልና የምርጊቱ ጥቅም ይኸው ነው፤ ይህን ለማወቅ ቀጅም ዳይስም አላስፈለገም።

ከሙት ዓመቱ በፊት ባለው ጊዜ አራቱም እንስራዎች በግቢያችን ወይራ እንዲታጠኑ ተስማምተናል፤ ከዚያ ወደ አራተኛ ፎቅ በሸክም ይወጣሉ። ሐና መም አብረው ስለሚታጠኑ ለንጽጽር የሚሆን ያልታጠነ ሸክላ አይኖረንም። ወዳጃችን ደግሞ የጌሾው መጠን በግማሽ ቢቀነስ ይታወቅ እንደሆነ መጠየቅ ጀምራለች፤ ለዚያኛው የታጠኑትም ያገለግላሉ።